ቅጠልና ሞገድ፦ በእንጦጦና በመርካቶ መካከል የቆመው ዛፍ

በሐምሌ ጠዋት መርካቶ አጣና ተራ የደረሰን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሽታው ነው። ከአይሱዙ ላይ የሚራገፈው ባሕር ዛፍ እርስ በርሱ ሲጋጭ ቅርፊቱ ይላጣል። መጋዝ ያለፈበትን ጫፉን በእጃችሁ ብትነኩት ውሃው ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ባለፈው ክረምት እዚያ ቆሜ ሳለሁ አንድ ነጋዴ እንደ ግድግዳ ከተደረደረ እርጥብ አጣና ጀርባ ሆኖ አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ስልኩ ውስጥ ይጮኽ ነበር። «ሄሎ! አይሰማም! ይቆራረጣል! ቆይ ወጣ ልበል!» ሁለት እርምጃ ወደ መንገዱ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨዋታውን ቀጠለ።

በዚያች ሁለት እርምጃ በሰውየውና በቴሌ ታወር መካከል የነበረው ነገር ተቀይሯል። ከለላው ቆርቆሮው ይሁን፣ የሰዉ ብዛት ይሁን፣ ወይስ ውሃ ያዘለው እንጨት፣ ቆሞ የለየ የለም። ሁላችንም «ኔትወርክ የለም» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ የሬዲዮ ሞገድ በዛፍና በቅጠል መሐል ሲያልፍ ምን ያህሉ ይጠፋል? በዓለም ላይ ለዚህ መልስ የሚሰጡ ቀመሮች አሉ፤ ሲቆጥሩም ከግማሽ ምዕተ ዓመት የተሻገረ ታሪክ አላቸው። ከጥግ እስከ ጥግ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ያደገችው አዲስ አበባ ግን የምትጠቀመው በሌላ አገር ዛፍ ላይ የተለካውን መልስ ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ቁጭት ነው።

ዛፉና ስልኩ በአንድ ዘመን የመጡ እኩዮች ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው ጽድ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። የእንጨት እጦቱ ከመበርታቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሥተው ነበር። እዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ኋላ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው፣ ከባሕር ማዶ በመምጣቱ «ባሕር ዛፍ» የተባለው ተክል ነው። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ መምጣቱ ይነገራል፤ ከመጣበት ታሪክ ጋር የፈረንሳዊው የሞንዶን ቪዳዬ ስም ይነሣል። አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኘው የስልክ መስመር ሥራ የተጀመረውም በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ዓመት ነው።

በሽቦ ዘመን ዛፍ የመልእክት ጠላት አልነበረም። እንዲያውም ባሕር ዛፍ አድጎ ሲቆረጥ የስልክና የመብራት ምሰሶ ሆኖ ትከሻውን ሰጠ። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ሽቦ ይበጥስ እንደሆነ እንጂ በሽቦው ውስጥ የሚሄደውን ድምፅ ቅጠል ሊነካው አይችልም። ነገሩ የተገለበጠው ቃል ከሽቦ ወርዶ በአየር መሄድ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ተሸካሚ የነበረው ዛፍ ከለላ ሆነ።

ግን ወዲያው አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1935 አቃቂ ላይ 1 ኪሎ ዋት ጉልበት ያለው የሬዲዮ ማሰራጫ ሥራ ሲጀምር አዲስ አበባ ጫካ የዋጣት ከተማ ነበረች። የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት የጣሊያን ጦር በድንበር ላይ ሲከማች ለዓለም የተናገሩት በዚያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከወረራው ጋር ተዘግቶ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። በዚህ ሁሉ ስለ ዛፍ ያማረረ መሐንዲስ ነበር ብዬ አላስብም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዛሬም የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ በ873 ኪሎ ኸርዝ ሲያሰራጭ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 344 ሜትር ይጠጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቢረዝም ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ይህን ለሚያህል ሞገድ ቅጠሉ ከመኖር አይቆጠርም፤ ዛፉን እንዳለ አልፎት ይሄዳል።

መርካቶ የተወለደው በዚሁ በረጅም ሞገድ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ዋናው ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን እንደያዘ ነጩንና አገሬውን በሚለያይ ፕላን ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው። ጣሊያን ሄደ፤ ስሙና ገበያው ቀሩ። በዚያ ገበያ ኋላ የእንጨት ሣጥን ያላቸው ትልልቅ ሬዲዮኖች፣ ቀጥሎም በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ትራንዚስተሮች በየተራው ተሸጡ። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1982 ሲጀምሩ የአጭር ሞገድ አድማጩ በዛ። በልጅነቴ በየሰፈሩ ከሬዲዮኑ ተነሥቶ በመስኮት የሚወጣ፣ ከግቢው ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ የሚታሠር ሽቦ አይቻለሁ። ጥርት አድርጎ ለመስማት ሽቦው ከፍ ማለት ነበረበት፤ በግቢው ውስጥ ደግሞ ከባሕር ዛፍ የሚረዝም ነገር አልነበረም።

ዛፍን ለሬዲዮ ያዋለ ግን ቀድሞም ነበር። ጆርጅ ስኳየር የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1904 ካሊፎርኒያ ውስጥ ግንድ ላይ ሚስማር መትቶ፣ ከሚስማሩ ሽቦ ስቦ፣ ዛፉ ራሱ የሬዲዮ ምልክት እንደሚቀበል አሳየ። በ1919ም ዛፍ እንዴት አንቴና እንደሚሆን በሰፊው ጻፈ። ሕያው ግንድ ውስጡ ጨው የሟሟበት ውሃ ስላለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ይህን ሐቅ እንያዘው። ዛፍን አንቴና የሚያደርገው ያው ውሃ፣ ሞገዱ ሲያጥር፣ ዛፍን ሌባ ያደርገዋል።

ሞገዱ እያጠረ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ። ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ተጀመረ። ስልክና ምስል በማይክሮዌቭ ከተራራ ወደ ተራራ መዘዋወር ሲጀምር እንደ ፉሪና እንጦጦ ያሉ ከፍታዎች ዋጋቸው ናረ፤ አንዱ ሌላውን ማየት ስለሚችል ነው። በኤፍ ኤም የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ነው። በሞባይል 900 ሜጋ ኸርዝ 33 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ3.5 ጊጋ ኸርዝ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የሳተላይት ዲሽ የሚቀበለው ደግሞ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ሞገዱ እያጠረ እያጠረ መጥቶ ከቅጠሉ ጋር ልክ ለልክ ሆነ። ያኔ ቅጠሉ ሞገዱን ያየዋል፤ ሞገዱም ቅጠሉን።

ሲገናኙ የሚሆነው እንዲህ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከሞገዱ ጉልበት የተወሰነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱ ግን ቅጠሉ የማይሰማው ያህል ትንሽ ነው። የቀረውን ቅጠሉና ቅርንጫፉ በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ቆሞ የመጣውን፣ ማለትም ላይና ታች የሚርገበገበውን፣ ሞገድም ያጋድሉታል፤ ቆሞ የሚጠብቀው አንቴና ያጋደለውን በሙሉ ሊቀበለው አይችልም። ግንዶች ሁሉ ቀጥ ብለው የቆሙ ስለሆኑ ደግሞ በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ቆሞ የሚሄድ ሞገድ ተጋድሞ ከሚሄደው የበለጠ ይጎዳል።

መሐንዲሶች ጥፋቱን የሚቆጥሩት በዴሲቤል ነው። ዴሲቤልን ለመረዳት መርካቶ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። ዕቃ ከአስመጪው ተነሥቶ ሸማቹ ዘንድ እስኪደርስ በመንገዱ ያለ ሁሉ ድርሻውን ይወስዳል፤ እያንዳንዱ የሚወስደው ግን ከመጀመሪያው ድምር ሳይሆን እሱ ዘንድ ከደረሰው ላይ ነው። ሞገድም እንዲሁ። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ግማሹ ቀረ ማለት ነው። 10 ሲጠፋ ከአሥር አንድ፣ 20 ሲጠፋ ከመቶ አንድ ይቀራል።

በዚህ ስሌት ቢሄድማ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሁሉም ድምፅ ጸጥ ባለ ነበር። ግን አይልም። ምክንያቱን ያወቅነው ከጦርነት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጦር በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ውስጥ የወታደሮቹ ሬዲዮ እየዘጋ ሲያስቸግረው በታይላንድ ደን ውስጥ ሰፊ ልኬት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቴዎዶር ታሚር የተባለ ምሁር በጫካ ውስጥ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሞገድ በዛፎቹ መሐል እየታገለ እንደማይዘልቅ በስሌት አሳየ። ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዛፎቹ አናት ላይ፣ ቅጠልና አየር በሚገናኙበት ጠርዝ፣ እየታከከ ይጓዛል፤ ከዚያ ወደ ተቀባዩ ይወርዳል። የመርካቶውን የምናለሽ ተራን ጠባብ መንገድ የሚያውቅ ተሸካሚ መንገዱ ሲዘጋበት በመሐል እየተጋፋ ጉልበቱን አይጨርስም፤ በውጭ በኩል ዞሮ ይገባል። ሞገድም ዘዴው ይኸው ነው።

ስለዚህ የጫካው ጥልቀት ሲጨምር ጥፋቱ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን በአንድ ቀመር የሰበሰበው ማርክ ዊስበርገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለአሜሪካ መከላከያ ባዘጋጀው ጥናት በጊዜው የነበሩትን ልኬቶች አነጻጽሮ እስከ 400 ሜትር ጥልቀት የሚሠራ ስሌት አወጣ። ኢትዮጵያ ከ1932 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም የራሱ ቀመር ነበረው። አሁን ነገሩን ቁጥሩ ፒ. 833 በሆነ ምክረ ሐሳብ እያሻሻለ ያወጣዋል።

ወረቀትና እስክርቢቶ አንሥቼ ለራሴ ሠራሁት። በታወሩና በስልኩ መካከል 30 ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ጥግ አለ እንበል። በ900 ሜጋ ኸርዝ የዊስበርገር ቀመር 9.5 ዴሲቤል ይጠፋል ይላል፤ ከዘጠኝ አንድ ቀረ ማለት ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሆኖ 60 ሜትር ቢሆን ጥፋቱ 19 ሳይሆን 14 ይሆናል። ወደ 3.5 ጊጋ ኸርዝ ስንወጣ ያው 30 ሜትር 14 ዴሲቤል ይወስዳል፤ ከሃያ አምስት አንድ ይቀራል። የኅብረቱ የቀድሞ ቀመር ግን በዚያው ፍሪኩዌንሲ ለዚያው ጥግ 18 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ ከስልሳ አንድ። ሁለት የተከበሩ ቀመሮች ናቸው፤ ዛፉም አንድ ነው፤ መልሳቸው ግን ከእጥፍ በላይ ይራራቃል። ለአንድ ሰፈር አንድ ታወር ይበቃል ወይስ ሁለት የሚለው ውሳኔ በዚህ ልዩነት ውስጥ ይወድቃል።

የሚያሳስበኝ ግን ልዩነቱ ብቻ አይደለም። የዊስበርገር ቀመር የተሠራው ጥቅጥቅ ባለ፣ ቅጠል በለበሰ፣ በደረቀ የመካከለኛው ኬክሮስ ዛፍ ላይ ነው። «በደረቀ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እንበል። በእንጦጦ ጥግ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም የደረቀ ቅጠል የሚያገኝ ማን ነው?

ከዚህ የባሰ ደግሞ የቋንቋ ወጥመድ አለ። አውሮፓውያን በጋራ ባካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ባጠቃለሉት ጥናት ለአንድ ዛፍ ሁለት ቀመር አበጁ፤ አንዱ ቅጠል ለለበሰበት ወቅት፣ አንዱ ቅጠል ለረገፈበት። በ10 ጊጋ ኸርዝ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ የመጀመሪያው ወደ 35 ዴሲቤል፣ ሁለተኛው ወደ 23 ያወጣል። መዝገበ ቃላቶቻችን የእነሱን የበረዶ ወራት «ክረምት» ብለው ይተረጉሙታል። ለእነሱ ያ ወቅት ዛፉ ራቁቱን የሚቆምበት፣ ሞገድ ቀለል ብሎት የሚያልፍበት ነው። የእኛ ክረምት የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ቅጠል የሚጠግብበት፣ ቅርንጫፍ በውሃ የሚያጎነብስበት፣ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ሽሮ ሜዳ የሚተኛበት ወቅት ነው። ትርጉሙን አምኖ «የክረምት» ቀመር የሚወስድ ተማሪ ትልቁን ጥፋት በትንሹ ይቆጥረዋል።

ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅጠሉን ከነጭራሹ በወቅት አያራግፍም። ዓመቱን ሙሉ እንደለበሰ ይኖራል። ሌላም ጠባይ አለው። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ክብ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ከግንዱ ጋር የተጣበቀ ነው። ዛፉ ሲያድግ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ይጎብጥና ረዝሞ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የፓይን መርፌና የኦክ ቅጠል ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሲቆረጥም አይሞትም፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ገበሬው በአምስት በሰባት ዓመት ዞሮ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሞገድ ከለላ እንደ ተራራ ቋሚ ሳይሆን እንደ እህል የሚዘራና የሚታጨድ ነው። ዛሬ ጥርት ብሎ የሚተያይ የማይክሮዌቭ መስመር ከአራት ዓመት በኋላ ጫፉ ቅጠል ሊነካው ይችላል።

መንካት ስል መስመሩን መቁረጥ ማለቴ አይደለም። ሞገድ በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ አይሄድም፤ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ጫፎቹ ቀጭን፣ ወገቡ የወፈረ ሞላላ ቦታ ይይዛል። በ7 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ የ20 ኪሎ ሜትር መስመር ወገቡ ላይ ወደ 15 ሜትር ራዲየስ ይፈልጋል። ዓይን የሚያሻግር ሆኖ ሞገዱ የሚታወክበት ምሥጢር ይህ ነው።

ስለ ቅጠል ከማንም በላይ ተግባራዊ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ግን ቀመር አይተው የማያውቁት ዲሽ ገጣሚዎች ናቸው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ዘመድ ቤት አንድ የማልረሳው ነገር አይቻለሁ። ክረምት ሲገባ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። የተጠራው ሰው ከመርካቶ የገዛውን አዲስ ኤል ኤን ቢ (የዲሹን ምልክት ተቀባይ) በጃኬቱ ኪስ ይዞ መጣ፤ ግን አልፈታውም። ዲሹ አጠገብ ተንበርክኮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ምዕራብ አየ።

«እማማ፣ ይሄ ዛፍ የማን ነው?»

«የጎረቤት ነው ልጄ። ምነው?»

«ዘንድሮ አድጎብዎታል። ዕቃው ደኅና ነው፤ ብር አያውጡ። ወይ ጎረቤትዎን ያስቆርጡ፣ ወይ እኔ ጣሪያው ላይ ላውጣልዎ።»

ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ምስሉ መጣ። ያ ሰው ያደረገውን በቁጥር ላስቀምጠው። ዲሹ ያነጣጠረበት ናይልሳት የተባለው ሳተላይት የሚገኘው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። በዚያ ማዕዘን 20 ሜትር የሚረዝም ባሕር ዛፍ መሬት ላይ ያለን ዲሽ ከ27 ሜትር ርቀት ይጋርደዋል፤ ዛፉ የጎረቤት ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሆኖ እንኳ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም የተሰባሰቡበት ሳተላይት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከዚህ ሆነው ሲያዩት ከአድማስ 66 ዲግሪ ወጥቶ አናት ላይ ሊሆን ምንም አይቀረው። ያው 20 ሜትር ዛፍ እሱን የሚጋርደው ዲሹ ከ9 ሜትር ባነሰ ርቀት ከተጠጋ ብቻ ነው። ሰው ዲሹን ወደ ምሥራቅ ያዞረው ለፕሮግራሙ ብሎ ነው፤ በዚያው ግን ከብዙ ቅጠል ተገላገለ። በ3 ሴንቲ ሜትር ሞገድ አንድ ዛፍ ብቻውን ምስሉን ለማጥፋት ይበቃዋልና ትልቅ ግልግል ነው።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጥያቄው ከግቢ ወጥቶ ወደ ሰው ኪስ ገባ። ዲሽ አንዴ ከተስተካከለ ባለበት ይቆማል፤ ስልክ ግን ከባለቤቱ ጋር ጫካ ይገባል፣ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ሰባተኛ ሰፈር ሲደርስ ታክሲ ውስጥ ይታፈናል። አራተኛው ትውልድ በ2007፣ አምስተኛው በ2014 ዓ.ም. በከተማዋ ሲጀመሩ፣ ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሲገባ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ሞገዱም አጠረ።

መርካቶ ዛሬ ዛፍ የላትም ማለት ይቻላል። የታላቁን አንዋር መስጊድና የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ትቶ ቆርቆሮ፣ ብሎኬትና መስታወት ነው። ቆርቆሮ ከቅጠል የከፋ ነው፤ የመጣበትን ሞገድ ከሞላ ጎደል ወደመጣበት ይመልሰዋል። ግን ለእኔ የመርካቶ ጫካ ሌላ ነው። ሰው አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ ቅጠልም እንዲሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ዱባይ ተራ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የተያያዘው ሕዝብ በሞገድ ዓይን ሲታይ የሚንቀሳቀስ፣ እርጥብ፣ ከአንድ ከሁለት ሜትር የማይዘል ደን ነው። ታወሩ ከፍ ያለው ለዚህ ነው፤ ከላይ የመጣ ሞገድ በአናት በአናት ይወርዳል፣ በጎን የመጣው ግን በየሰዉ ደረት ይጠጣል። የዚያን ሰዓት ኔትወርክ የሚጨናነቀው በአንዴ የሚደውለው ሰው ስለበዛም ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በመለካት ብቻ ነው።

እንጨቱም ቢሆን መርካቶን አልለቀቀም። በየተራው የሚነሣው ፎቅ ገና በግንባታ ላይ ሳለ ከመሬት እስከ አናቱ በአጣና መወጣጫ ይከበባል። እንጦጦ ላይ የቆመ ጫካ እዚህ ተቆርጦ በሚስማርና በገመድ ዳግም ይቆማል። ቅጠሉ ስለሌለ የሚከለክለው ትንሽ ነው፤ ትኩስ የተቆረጠው ግን ውሃውን እስኪጨርስ ድረስ ከደረቀው የበለጠ ሞገድ ይጠጣል። አጣና ተራ ያየሁት ነጋዴ ከቆመበት ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲል ምናልባት ያመለጠው ከዚሁ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ዛፍ ይቆረጥ ለማለት አይደለም። ዛፍን ለኔትወርክ ብሎ መቁረጥ ጥላን ለወሬ መሸጥ ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየተካሄደ ነው፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ተከፍቷል፤ በኮሪደር ልማት በየመንገዱ ዳር ችግኝ ቆሟል። እንጦጦ ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ነው። ደስ ይለኛል። ግን ዛሬ ከሰው ወገብ የማይበልጠው የመንገድ ዳር ችግኝ ከአሥር ዓመት በኋላ በሦስተኛ ፎቅ መስኮት ትክክል ቅጠሉን ይዘረጋል፤ ዛሬ የሚተከለው የአምስተኛው ትውልድ አንቴናም ያንኑ ከፍታ ይሻል። ሁለቱን የሚተክሉ ሰዎች በአንድ ካርታ ላይ ቁጭ ብለው መነጋገር አለባቸው። ለመነጋገር ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል፤ የጽድ ቁጥር፣ የወይራ ቁጥር፣ የባሕር ዛፍ ቁጥር፣ የሐምሌና የጥር ቁጥር፣ ከዝናብ በፊትና ከዝናብ በኋላ።

ቁጥሩን ለማግኘት ሳተላይት ማምጠቅ አይጠይቅም። በብዙ ዘመናዊ ስልኮች ማስተካከያ ውስጥ የምልክት ጥንካሬ በአሉታዊ ቁጥር ይገኛል፤ 70 አካባቢ ሲሆን ጥሩ፣ ወደ 110 ሲጠጋ ደካማ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ የእንጦጦን ጥግ በእግራቸው እየለኩ ቢመዘግቡ፣ የዛፉን ዓይነት፣ የጥጉን ውፍረትና የቅጠሉን እርጥበት ጎን ለጎን ቢጽፉ፣ ከታይላንድና ከአሜሪካ ደን የተወረሰው ቀመር የት ላይ እንደሚያዋጣን፣ የት ላይ እንደሚያሳስተን ይታወቃል።

ባለፈው መስከረም እኔም በአቅሜ ሞከርኩት። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዱን ስልክ ዋይፋይ እንዲያሰራጭ አድርጌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላውን ይዤ አሥር እርምጃ ራቅሁና ቁጥሩን ማየት ጀመርኩ። የዋይፋዩ ሞገድ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር የሚተካከል። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያለ ረጋ። ከላይ በኩል ለእንጀራ ምጣድ የሚሸጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከወገባቸው ጎንበስ ብለው የተሸከሙ እናት መጡ፤ ሸክሙ ከሳቸው ይሰፋል፣ ሌሊት የዘነበው ከቅጠሉ ጫፍ ይንጠባጠባል። በሁለቱ ስልኮች መሐል ሲገቡ ቁጥሩ ወረደ። «ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?» አሉኝ፤ ሳይቆሙ። እሳቸው አልፈው ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቁጥሩ ወደነበረበት ተመለሰ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ እርጥብ ቅጠል፣ አንድ ሸክም፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።